የሜሪያም ዌብስተር የበይነ መረብ መዝገበ ቃላት በ«ሃያሊን» ሲመዘን

የመዝገበ ቃላት ብርታትና ድካም የሚለየው ሰው እምብዛም በማይጠቀምባቸው ቃላት ላይ ነው። በመሆኑም በነፃ የሚገኘውን የሜሪያም ዌብስተር የበይነ መረብ መዝገበ ቃላት የመዘንኩት፣ እንደ መስታወት ጥርት ያለን ነገር በሚገልጸው «ሃያሊን» በተሰኘው የእንግሊዝኛ ቃል ነው።

ፍቺው አጭር ነው፦ ብርሃን አስተላላፊ ወይም ለዚያ የቀረበ፣ አብዛኛውን ጊዜም ወጥ የሆነ። «ወጥ» የምትለዋ ጭማሪ ትልቅ ሥራ ትሠራለች። የሕክምና ተማሪ ይህን ቃል የሚያገኘው ከሁሉ በፊት በአፍንጫ፣ በአየር ቧንቧና በጎድን አጥንት ጫፍ ባለው ካርቲሌጅ (ከአጥንት የሚለሰልስ ተጣጣፊ የሰውነት ክፍል) ስም ላይ ሲሆን፣ ይህ ካርቲሌጅ ገና ትኩስ እያለ ሰማያዊ ያዘለ ነጭ ሆኖ የመስታወት መልክ ይኖረዋል እንጂ እንደ መስኮት ማዶውን አያሳይም። የፓቶሎጂ (የበሽታ ጥናት) ባለሙያም ሃያሊን የሚለው፣ በሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ያለ ምንም ዝንጉርጉርነት ሮዝ ሆኖ የሚታየውን ነው። «ብርሃን አስተላላፊ» ብሎ ብቻ የሚያቆም ፍቺ እንዲህ ያለውን አንባቢ ግራ ያጋባዋል።

የቃሉን ምንጭ በላቲን በኩል እስከ ግሪኩ «ሂያሎስ» ድረስ ማድረሱም ደግ ነው፤ ትርጉሙ ብርጭቆ ነው። በዮሐንስ ራእይ 4፥6 በዙፋኑ ፊት ያለውን ባሕር የሚገልጸው የግሪክ ቅጽል ከዚሁ ሥር የወጣ ሲሆን፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚያ ስፍራ ብርጭቆንም ብርሌንም ይጠራል። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተንም እ.ኤ.አ. በ1667 በታተመው ታላቅ ግጥሙ ቃሉን እንደ ስም ወስዶ ለዚያው የብርጭቆ ባሕር አውሎታል።

ቅር የሚያሰኘኝ ስለ አገባቡ የሚሰጠው ምክር ማነሱ ነው። እንግሊዝኛን በትምህርት ያወቀ ሰው ፍቺውን ብቻ አይቶ ስለ ምንጭ ውኃ ወይም ስለ መስኮት ሲጽፍ ቢያስገባው፣ ዓረፍተ ነገሩ ከቤተ ሙከራ ያመለጠ ይመስላል፤ ዛሬ ቃሉ የሚኖረው በሕክምናና በሥነ ሕይወት ጽሑፍ፣ አልፎ አልፎም በግጥም ውስጥ ነውና። ምሳሌዎቹ ከበይነ መረብ በራስ ሰር የሚለቀሙ በመሆናቸው ይህን ክፍተት በደንብ አይሞሉም፤ ማስታወቂያዎቹም ዓይን ያደክማሉ። በድምፅ የሚያሰማው አነባበብ ግን ለእኛ ለተማሪዎቹ ይጠቅማል።

ለሕክምና ተማሪ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። የቃሉን ታሪክ ዘመናቸው በተጠቀሱ ጥቅሶች መከታተል የሚሻ ጸሐፊ ግን፣ የአገልግሎት ክፍያ ቢጠይቅም፣ ትልቁን የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ቢይዝ ይሻለዋል።