የአሉሚኒየም ሉቨር ለማሽን ክፍል፦ ዕቃው አሪፍ፣ የሻጩ ሳይዝ ግን አይታመንም

ሉቨር ማለት ግድግዳ ላይ የሚገጠም፣ በተደረደሩ ዘንበል ያሉ ዝርግ ብረቶች (ብሌዶች) መሃል አየር የሚያሳልፍ መስኮት ነው። ለኮምፕሬሰር ክፍል ነው የገጠምነው፣ ብሌዱ የማይንቀሳቀሰው ዝናብ የሚመልስ አይነት። ስራው ቆንጆ ነው፣ ፍሬሙ አይወላገድም፣ ብሌዶቹን በእጅ ብትነቀንቋቸው ንቅንቅ አይሉም፣ ለዕቃው ከ5 4 እሰጠዋለሁ። የሚያናድደው ሻጩ ሳይዝ የሚነግርበት መንገድ ነው።

1 ሜትር በ1 ሜትር ስትሉት «1 ካሬ አየር ያስገባል» ይላል፣ ኧረ የት አባቱ! ፊት ለፊቱ ቁሙና እዩት እስቲ፣ ግማሹ አሉሚኒየም ነው። እንዲህ አይነት ሉቨር ላይ አየር የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው 50 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ ትንንሾቹ ላይ ፍሬሙ ስለሚሻማው ይቀንሳል፣ ድምፅ የሚያፍነው ከሆነማ ከዛም በታች ይወርዳል።

የኛ ማሽኖች ወደ ክፍሉ የሚለቁት ሙቀት 20 ኪሎዋት ነው፣ ክፍሉ ከውጪው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ከተፈለገ 20ን ለ12 ታካፍላላችሁ (12 ማለት የ1 ሜትር ኩብ አየር ክብደት 1.2 ኪሎ ሲባዛ በ10 ዲግሪው)፣ በሰከንድ 1.67 ሜትር ኩብ አየር ይመጣል። አየሩ በክፍቱ ቦታ በሰከንድ 2 ሜትር እንዲያልፍ ካደረግነው 0.83 ካሬ ክፍት ቦታ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሉቨሩ ራሱ ወደ 1.7 ካሬ መሆን አለበት ማለት ነው። 1.3 በ1.3 አዘዝን። በሻጩ 1 በ1 ብንሄድ ፍጥነቱ 3.3 ይገባና ፋኑ ላይ የሚመጣው ጫና ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል (ጫናው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚጨምረው)፣ ዝናብም ስቦ ያስገባል።

የክፍት ቦታውን ፐርሰንት ስጠይቀው «ማንም ይሄን ጠይቆኝ አያውቅም» አለኝ፣ ከፋብሪካ ዳታሺቱ ሲመጣ 48 ይላል፣ ይሄን ወረቀት ሳታዩ አትክፈሉ።

1 ነጥብ የቀነስኩት በወንፊቱ ነው። ከኋላ የተሰራለት የትንኝ ወንፊት በጣም ደቃቅ ስለሆነ አቧራና ክር ቶሎ ይደፍነዋል፣ ያን ሁሉ ሂሳብ ገደል ይከታል። በብሎን ስለታሰረ ፈትቶ ማጠብ ይቻላል፣ ግን ነፍሳት የማያስቸግራችሁ ከሆነ የወፍ መከላከያውን ሰፊ ወንፊት እዘዙ። መውጫውም ተመሳሳይ ሂሳብ ይሰራለት፣ ከመግቢያው ትይዩ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ይገጠም፣ ጎን ለጎን ካረጋችኋቸው የወጣው ሙቅ አየር ተመልሶ ይገባል።