ፎቶ ኤዲት በሙዚቃ ኮንትሮለር፦ ሚዲ እና ፔን ታብሌት ከ10 ወር በኋላ

እንግዲህ 10 ወር ሞላኝ። ለሙዚቃ ሰዎች የተሰራ አንድ ትንሽ ሚዲ ኮንትሮለር (የሚዞሩና የሚጫኑ ቁልፎች ያሉት፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ሰሌዳ) እና አንድ መካከለኛ ፔን ታብሌት (በማውዝ ፋንታ በፔን የሚሰራበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ) ገዝቼ ፎቶ በነሱ ኤዲት ማድረግ ከጀመርኩ ማለቴ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ብጽፍ ኖሮ "ማውዝ ድሮ ቀረ" ነበር የምለው፣ በሶስተኛው ሳምንት ቢሆን ደግሞ "ገንዘቤን ውሃ በላው"። ለዛ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት።

ለምን ገዛሁት? ሰርግ እሰራለሁ። አንድ ሰርግ ተመርጦ ተመርጦ 700፣ 800 ፎቶ ይቀራል፣ እያንዳንዱ ላይ ስድስት ሰባት ስላይደር (ብርሃኑንና ቀለሙን ለመቀየር የሚጎተት መስመር) አለ፣ ያቺን ትንሽዬ መያዣ በማውዝ ለመያዝ አይንህ ከፎቶው ተነስቶ ቀኝ ፓነል ላይ ይሄዳል፣ ትጎትታለህ፣ ትለቃለህ፣ አይንህ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ማታ ላይ የእጄ አንጓ ይቃጠላል፣ ከዛ የባሰው ግን ፎቶውን ማየት አቁሜ ቁጥር ማየት መጀመሬ ነበር። ሻዶው (የጨለማው ክፍል ብርሃን) 35 አድርጌ ቀጥል፣ 35 አድርጌ ቀጥል፣ በቃ ፋብሪካ።

ኮንትሮለሩ 8 የሚዞሩ ቁልፎች አሉት (ኖብ እንበላቸው)፣ 16 የሚጫኑ በተኖችና ጠርዙ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት አንድ ፌደር። ኖቦቹ መጨረሻ የላቸውም፣ እንደፈለክ ይዞራሉ፣ ዙሪያቸውን ያሉት ትንንሽ መብራቶች ናቸው የት እንዳለህ የሚነግሩህ። ይሄ መብራት ለውበት እንዳይመስላችሁ፣ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ነገር ይሄ ይሁን። መጨረሻ ያለው ኖብ ከሆነ አንዱን ፎቶ ጨርሰህ ወደሚቀጥለው ስታልፍ ስላይደሩ ሌላ ቦታ ነው፣ ኖቡ ግን የተውከው ቦታ ላይ ነው፣ ልክ ስትነካው ስላይደሩ ዘልሎ ኖቡ ያለበት ጋ ይመጣል። መጨረሻ የሌለው ሲሆን ግን ኮምፒውተሩ አዲሱን ቁጥር ይልክለታል፣ መብራቱ ይስተካከላል፣ ካለህበት ትቀጥላለህ። ፌደሩ ሞተር ስለሌለው ይሄን አይችልም፣ እሱ ያደረሰብኝን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

እንዲሁ ሰክተኸው ላይትሩም (ፎቶ ኤዲት የማደርግበት ሶፍትዌር) አያውቀውም። መሃል ላይ ሚዲ ቱ ኤልአር የሚባል ነፃ ፕለጊን (ሁለቱን የሚያገናኝ ተጨማሪ ፕሮግራም) ያስፈልጋል፣ የሚሰራውም ላይትሩም ክላሲክ ላይ ብቻ ነው፣ የክላውዱ ላይትሩም ላይ አይሆንም። ዳርክቴብል የሚባለውን ሌላ የፎቶ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ሰዎች እድለኛ ናችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ከወጣው 3.8 ጀምሮ ሚዲ ሶፍትዌሩ ውስጥ አብሮ አለ። አጫጫኑ ራሱ ቀላል ነው፣ ኖቡን ታዞራለህ፣ ፕለጊኑ መስኮት ላይ አዲስ መስመር ይመጣል፣ ለሱ "ኤክስፖዠር" (የፎቶው ጠቅላላ ብርሃን) ብለህ ትመርጣለህ፣ አለቀ።

አለቀ ብዬ ነበር እኔም። መጀመሪያ ቀን ቴምፐሬቸሩን (የፎቶውን የቀለም ሙቀት) ስነካው ፎቶው ከሰማያዊ ወደ ብርቱካናማ እየዘለለ ሄደ፣ መሃል የሚባል ነገር የለም። ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 ለሙዚቃ ኪቦርድና ለሲንተሳይዘር የወጣ ቋንቋ ነው፣ አንድ ኖብ የሚልከው ከ0 እስከ 127 ያለ ቁጥር ነው። ለድምፅ ከበቂ በላይ ነው። ላይትሩም ላይ ግን የሮው ፎቶ (ካሜራው ሳያስተካክል ያስቀመጠው) ቴምፐሬቸር ከ2000 እስከ 50000 ኬልቪን (የቀለም ሙቀት መለኪያ) ነው የሚሄደው፣ ይሄን ለ127 አካፍሉት፣ አንዷ ቅንጣት ወደ 378 ኬልቪን ትመጣለች። የሙሽራ ቬሎ ላይ 378 ኬልቪን ማለት ነጭ ከመሆን ወደ ቢጫ መሆን ነው። ለሁለት ቀን ኮንትሮለሩ ተበላሽቶ የመጣ መስሎኝ ልመልሰው ካርቶኑን ሁሉ አውጥቼ ነበር። መፍትሄው ፕለጊኑ ኦፕሽን ውስጥ ነበር፣ የቴምፐሬቸሩን ክልል ከ3000 እስከ 9000 አጠበብኩት፣ አንዷ ቅንጣት ወደ 47 ኬልቪን ወረደች፣ አሁን ስነካው ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። ኤክስፖዠርም እንደዛው፣ ከ-5 እስከ +5 ከሆነ በ0.08 ነው የሚዘልለው፣ ከ-2 እስከ +2 ሳደርገው 0.03 ሆነ። ከ2 ስቶፕ (የኤክስፖዠር መለኪያ) በላይ የሚፈልግ ፎቶ ከመጣ በማውዝ እሰራዋለሁ፣ ያን ያህል ካጠፋሁ ማውዝ ይገባኛል።

አሁን ወደ ጥሩው ነገር። ማውዝ አንድ ጣት ነው፣ አንድ ስላይደር ይዘህ ሌላውን መያዝ አትችልም። በኖብ ግን በግራ እጄ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ሃይላይቱን (ብሩህ ክፍሉን) ወደ ታች እያዞርኩ በመሃልና በቀለበት ጣቴ ሻዶውን ወደ ላይ እገፋለሁ፣ አይኔ ፎቶው ላይ እንደተተከለ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲንቀሳቀሱ ማየት ሌላ ነገር ነው፣ ፊቱ የሚከፈትበትንና ሰማዩ ደግሞ የማይሞትበትን ነጥብ እጅህ ራሱ ያገኘዋል። ቁጥሩ 35 ይሁን 52 ይሁን ከወራት በፊት ነው ማየት ያቆምኩት፣ አሁን ፓነሉን ሁሉ ደብቄ ነው የምሰራው። ሌላ የወደድኩት የቆዳ ቀለም ነው። የሰው ቆዳ ጠቆረም ቀላም አብዛኛው ኦሬንጅ ውስጥ ነው ያለው፣ ለኦሬንጅ ሳቹሬሽን (የቀለሙ ድምቀት) አንድ ኖብ፣ ለኦሬንጅ ሉሚናንስ (የቀለሙ ብርሃን) አንድ ኖብ ሰጠሁ፣ ድሮ ወደ ታች ስክሮል አድርጌ ከስምንቱ ቀለም መሃል ስፈልገው ስለሚሰለቸኝ የምተወው ነገር አሁን እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ነው የምነካው።

ፈጠነ ወይ? ይሄን ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል። በአንድ ፎቶ ብዙ አልፈጠንኩም፣ እውነቱን ልናገር። ግን ድሮ 200ኛው ፎቶ ላይ ደክሞኝ የምነሳው አሁን 400 ድረስ እቀመጣለሁ፣ አንጓዬም ዝም ብሏል። ምርጫ ላይ ደግሞ ምንም አልጠቀመኝም፣ በተኖቹ ላይ ፒክ (የተመረጠ)፣ ሪጀክት (የተጣለ)፣ ኮከብ ምናምን ሞልቼ ነበር፣ በወሩ ወደ ኪቦርድ ተመለስኩ፣ ካፕስ ሎክ አብርቶ ፒ ወይ ኤክስ ሲጫኑ ራሱ ወደሚቀጥለው ፎቶ ያልፋል፣ ይሄን የሚበልጥ ነገር አላገኘሁም።

አንድ ሰሞን ደግሞ ኖቡን ሳዞር ፎቶው እየተንቀራፈፈ መከተል ጀመረ፣ ኖቡ ቆሟል ፎቶው ገና እየመጣ ነው። በማውዝ ስትጎትት ብዙም የማይታወቅህ መዘግየት በእጅ ሲሆን ያናድዳል። ስማርት ፕሪቪው (የኦሪጅናሉን ትንሽ ቅጂ) ሰርቼ ፐርፎርማንስ ሴቲንግ ውስጥ ኤዲት ስታደርግ ኦሪጅናሉን ተወው ይሄን ተጠቀም የሚለውን ምልክት ሳደርግ ነው የተቃለለው፣ ረጅሙ ጎኑ 2560 ፒክስል ብቻ ስለሆነ ለኮምፒውተሩ ይቀለዋል። ሻርፕነስና ኖይዝ ለማየት ግን አጥፉት፣ ይዋሻችኋል።

እሺ የፌደሩ ጉዳይ። ኤክስፖዠርን ፌደር ላይ ማድረግ ደስ ይላል ብዬ ነበር፣ ወደ ላይ ብርሃን ወደ ታች ጨለማ፣ የሚያምር ሃሳብ። አንድ ማታ የእራት ፕሮግራሙን 74 ፎቶ መርጬ አውቶ ሲንክ (አንዱ ላይ ያደረከውን የተመረጡት ሁሉ ላይ የሚያደርገውን) አብርቼ ነጭ ባላንሱን አስተካከልኩ፣ ሳላጠፋው ስልክ ተደወለ፣ ስልኩን ላነሳ ስዘረጋ የጃኬቴ እጅጌ ፌደሩን ጠረገው። አላየሁም። ስልኩን ጨርሼ ሌላ ሌላ ነገር ሰርቼ ኤክስፖርት አድርጌ ስከፍተው 74ቱም ፎቶ አንድ አይነት ኤክስፖዠር ይዘዋል፣ በፍላሽ የተነሳው እንደ ወረቀት ነጭ፣ በሻማ የተነሳው ከሰል። ኮንትሮል ዜድ ጊዜው አልፏል። ሂስትሪ ፓነል ውስጥ እየገባሁ አንድ በአንድ ወደ ኋላ መለስኳቸው፣ እስከ ሌሊት። በማግስቱ ኤክስፖዠርን ወደ ኖብ ወሰድኩት፣ ፌደሩን ባዶ አደረግሁት፣ ባዶ ሆኖም አላመንኩትም በፕላስተር አጣብቄዋለሁ። አብሮኝ የሚሰራው ልጅ ባየው ቁጥር "ቁስለኛው ተሻለው?" ይለኛል።

ሌላው የሚያናድደው ኮምፒውተሩ እንቅልፍ ውስጥ ገብቶ ሲነቃ ኮንትሮለሩ እንዳለ አይታወቅም፣ መብራቱ ይበራል ግን ምንም አይሰራም። በዩኤስቢ ሀብ ሳይሆን በቀጥታ ስሰካው ቀነሰ፣ አልጠፋም፣ ፕለጊኑ ላይ እንደገና ፈልግ የሚል በተን ስላለ እሱን ነው የምጫነው።

ፔን ታብሌቱ ላይ አጭር ልሁን፣ ብዙ ሰው ስለሚያውቀው። የመጀመሪያው ሳምንት ስቃይ ነው፣ እጅህ እዚህ አይንህ እዛ፣ ሁለት ስክሪን ካለህ ደግሞ ታብሌቱ ለሁለቱ ተከፍሎ ክብ ስትስል እንቁላል ይወጣል። ለአንዱ ስክሪን ብቻ ስጡት፣ የታብሌቱና የስክሪኑ ቅርፅ ካልተመሳሰለም ፕሮፖርሽኑን እኩል አድርግ የሚለውን አብሩት። ፔኑ ጎን ላይ ያለችውን በተን አጠፋኋት፣ አያያዜ ላይ ሳላስበው እየተጫነች ራይት ክሊክ ታወጣብኝ ነበር። ጫፉ ያልቃል፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ የታብሌቱ ወለል እንደ ወረቀት ሸካራ ስለሆነ በአራተኛው ወር ጫፉ በአንድ ጎን ተሞርዶ እንደ ቺዝል ሆነ፣ ቶሎ ካልቀየርከው ወለሉን ይጭራል። እኔ ዘግይቼ ነው የቀየርኩት፣ መሃል ላይ አንዲት ጭረት አለች፣ ሁልጊዜ እዛ ጋ እጄ ይሰማታል።

ፎቶሾፕ ላይ ዶጅና በርን (ቦታ እየመረጡ ማብራትና ማጨለም) ስሰራ ግን ማውዝ ከዚህ በኋላ አይታሰብም። ፍሎውን (የብሩሹን ፍሰት) 3 ፐርሰንት አድርገህ በፔኑ ግፊት ጉንጭ ላይ ስትደራርብ፣ ሲጫኑት ጠቆር ሲያቀሉት ፈዘዝ፣ እርሳስ ማለት ነው። ስላይደር ለመጎተት ደግሞ ፔን የመጨረሻ ነው፣ ልክ አድርገህ ልታነሳው ስትል ጫፉ ትንቀጠቀጥና 20 የነበረው 23 ይሆናል። ለዚህ ነው ሁለቱን አንድ ላይ ስጠቀም የተመቸኝ፣ ቀኝ እጄ በፔኑ ማስኩን (ብቻውን የሚስተካከለውን ቦታ) ይቀባል፣ ግራ እጄ የማስኩን ኤክስፖዠር በኖብ ያዞራል፣ ስላይደር ጋ የሚሄድ የለም። ከሁለት አንዱን ብቻ ግዛ ብትሉኝ፣ ብዙ ፎቶ ለሚሰራ ኮንትሮለሩን፣ ጥቂት ፎቶ በጥልቀት ለሚሰራ ታብሌቱን።

መጀመሪያ ቀን ከ40 በላይ ነገር ነበር ኮንትሮለሩ ላይ የጫንኩት፣ ክሮፕ፣ ፕሪሴት፣ ኤክስፖርት ሁሉ፣ ስሙን በትንንሽ ወረቀት ጽፌ በየኖቡ ስር ለጥፌ። ዛሬ የምጠቀመው 11 ነው፣ ወረቀቶቹም ረግፈዋል። አንዱ ኖብ ከ9ኛው ወር ጀምሮ አልፎ አልፎ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት አንዴ ወደ ግራ ይዘልላል፣ እሱ ላይ ዲሄዝን (ጭጋግ የሚቀንሰውን) አደረኩበት፣ ብዙም ስለማልነካው። ፕለጊኑ ላይትሩምን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ፎቶሾፕ ስከፍት ኮንትሮለሩ ዝም ይላል። ግራ እጄ ግን እስካሁን አልገባውም፣ ፎቶሾፕ ውስጥም ሆኜ ሻዶውን ፍለጋ ሁለተኛውን ኖብ ያዞራል።