ሜሪላንድና ኬንታኪ፦ ባርነት የተሻረባቸው ሁለት መንገዶች

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሊንከን በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ያወጣው የነጻነት አዋጅ (1863 እ.ኤ.አ.) ለሁለቱ የአሜሪካ ግዛቶች፣ ለሜሪላንድና ለኬንታኪ፣ አልደረሰም። አዋጁ ባመፁት ግዛቶች ላይ የወጣ ሲሆን፣ እነዚህ ግን ባርነትን እንደያዙ ከኅብረቱ (ከፌዴራሉ መንግሥት ወገን) ጋር የቀሩ ነበሩ።

መነሻቸው ይለያያል። በ1860 ቆጠራ ሜሪላንድ 87,189 ባሮችና 83,942 ነጻ ጥቁሮች ነበሯት። በኬንታኪ ባሮቹ 225,483፣ ነጻዎቹ 10,684 ብቻ።

ሜሪላንድ ባርነትን የሻረችው በራሷ ሕገ መንግሥት ነው፤ ከኖቬምበር 1 ቀን 1864 ጀምሮ። ሕዝበ ውሳኔው ያለፈው በ375 ድምፅ ብልጫ ነው፤ የወታደሮቹ ድምፅ ባይጨመር ይወድቅ ነበር። ቀዳዳ ግን ቀረ፦ ፍርድ ቤቶች ልጆችን «ሙያ ይማሩ» እያሉ ለቀድሞ ጌቶቻቸው በውል ይሰጡ ነበር። እንዲህ የተሰጠችው ኤልዛቤት ተርነር ነጻ የወጣችው በ1867 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሳልመን ቼዝ ውሳኔ ነው።

በኬንታኪ የነበረው በር ውትድርና ነው፤ ከ23,000 በላይ ጥቁሮች በኅብረቱ ጦር ዘመቱ። የተመዘገበው ነጻ ይወጣል፤ ሚስቱና ልጆቹ ግን የጌታው ንብረት ሆነው ይቀራሉ። በዚህ የተነሳ ቤተሰቦች ወታደሮቹን ተከትለው በኬንታኪ ወዳለው የኅብረቱ ጦር ሰፈር፣ ካምፕ ኔልሰን፣ ገቡ። በኖቬምበር 1864 የጦር ሰፈሩ አዛዥ 400 ያህል ሴቶችና ሕፃናትን በዚያ ብርድ አስወጣ፤ ጎጆዎቻቸውም ፈረሱ። ከነሱ 102 ሞቱ። ኮንግረስ የወታደር ሚስትና ልጆችን ነጻ ያወጣው ከዚህ በኋላ፣ በማርች 1865 ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ መዘግየት ነው።

የኬንታኪ ምክር ቤት ባርነትን በመላ አገሪቱ የሚሽረውን 13ኛውን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ውድቅ አደረገ፤ የቀሩትን ባሮች ነጻ ያወጣቸው ግን ይኸው ማሻሻያ በዲሴምበር 1865 ሲጸና ነው። ግዛቲቱ ማሻሻያውን ያጸደቀችው በ1976 ነው።