ባለ 160 አይ ቢም፦ ከ11 ወር በኋላ

ሱቄ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። ደብተርና ወረቀት እሸጣለሁ። የወረቀት ክብደት የዋዛ አይደለም፤ አምስት እሽግ የያዘ የኤ ፎር ካርቶን 12 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። 80 ካርቶን አንድ ቶን ነው። የድሮው የእንጨት ቆጥ ሆዱ ወደ ታች ጎብጦ ነበር። ደንበኛ ከስሩ በቆመ ቁጥር ልቤ ይርዳል።

ባለፈው ጥቅምት በብረት ቀየርኩት። አንድ ባለ 12 ሜትር አይ ቢም፣ ማለትም እንደ «I» ፊደል ቀጥ ያለ መሃል፣ ላይና ታች ደግሞ አግድም ክንፎች ያሉት ተሸካሚ ብረት ገዝቼ እኩል ሦስት ቦታ አስቆረጥኩ። የሱቁ ስፋት 3.6 ሜትር ስለሆነ በየጫፉ 20 ሳንቲ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል።

ስትገዙ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ያዙ። መጀመሪያ ያሳዩኝ ብረት ቁመቱ ልክ 160 ሚሊ ነው፤ መሃሉ ግን ሳስቷል። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራው ባለ 160 አይ ቢም (አይፒኢ 160) መሃሉ 5 ሚሊ፣ ክንፎቹ 7.4 ሚሊ ናቸው። በሜትር 15.8 ኪሎ ስለሚመዝን 12 ሜትሩ ወደ 190 ኪሎ ይመጣል። ሚዛን ላይ አውጡት፤ ያኔ ይለያል።

ሲገጠም ሠራተኛው ቢሙን በጎኑ ሊያስተኛው ነበር። «ሲተኛ ይረጋጋል» አለኝ። መሐንዲሱ የእህቴ ልጅ «ኧረ ጋሼ፣ በፍጹም!» ብሎ አስቆመው። ጭነት ሲያርፍበት የላዩ ክንፍ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳባል። ብረቱ ላይና ታች የበዛው ለዚህ ነው። በጎኑ ቢተኛ በዚያው ጭነት ከ12 እጥፍ በላይ ይጎብጣል። ጫፎቹም ባዶ ብሎኬት ላይ እንዳያርፉ ከስራቸው ኮንክሪት አስሞላን።

ነሐሴ ላይ 300 ካርቶን ያህል ጫንኩበት። በቢሙ ሁለት ጫፎች ስር 20 ሚሊ ውፍረት ያለው እንጨት አድርጌ ክር ወጠርኩ። መሃል ላይ በክሩና በቢሙ መካከል ያለው ክፍተት 16 ሚሊ ሆነ። 4 ሚሊ ብቻ ነው የወረደው! መስከረም ላይ ዕቃው ሲሸጥ እንደገና ለካሁ፤ 20። እንጨቱ አንዴ ከጎበጠ ወዲህ ቀና ብሎ አያውቅም ነበር።

አንድ ነገር ቆጭቶኛል። ግድግዳ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ አንቲረስት ሳንቀባ ነው የገጠምነው። በክረምቱ ውኃ ሰርጎ ከአንዱ ጫፍ ቀይ ዝገት በግድግዳው ላይ ወረደ። የሚታየውን በሽቦ ብሩሽ ፍቄ ሁለቴ ቀባሁት። የውስጡን ለማየት ግን መሰርሰር ግድ ነው።

ብረት አይቃጠልም ብላችሁም አትዘናጉ። ሙቀቱ 600 ዲግሪ ሲጠጋ ጥንካሬው በግማሽ ያህል ይወርዳል። በ2017 ጥቅምት የሸማ ተራን ቃጠሎ ላየ ነጋዴ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ደረጃው ስር ሁለት እሳት ማጥፊያ ሰቅያለሁ።