ፕላዝማ ቲቪዬ ከስምንት ወር በኋላ

መጀመሪያ ያየችው እናቴ ናት። ፊልም እያየን ነበር፤ ሰውየው በረዶ በለበሰ ሜዳ ላይ ብቻውን ይሄዳል፣ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። እማዬ ብድግ ብላ የመነጽሯን መጥረጊያ ጨርቅ አመጣችና የላይኛውን የቀኝ ጥግ ትወለውል ጀመር። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «አቧራ ነዋ፣ አይታይህም?» አለችኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት። አቧራ አይደለም፤ የዜና ጣቢያው ሎጎ ነው። ፊልሙን የከፈትነው ከፍላሽ ነው፤ ጣቢያው ላይ አይደለንም። ሎጎው ግን ከነክቡ ከነፊደሉ፣ መስታወት ላይ እንደቀረ የእርጥብ ጣት አሻራ ደብዘዝ ብሎ እዚያው ተቀምጧል። ወደ ታች ስመለከት ደግሞ ዜናው በጽሑፍ የሚያልፍበት ቀጭን መስመርም ዳር ዳሩ ይታያል።

ቲቪው ከተገዛ ገና ሁለት ወሩ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ገንዘብ አጠራቅሜ፣ «ኤልኢዲ ይሻላል» ካሉኝ ሁሉ ጋር ተከራክሬ፣ ባለ 50 ኢንቹን ፕላዝማ የመረጥኩት እኔ ነኝ። «ፕላዝማ ምስል ያትማል፣ ተጠንቀቅ» ብለው የመከሩኝም ነበሩ። ሻጩን ይህንኑ ብጠይቀው «ወንድሜ፣ እሱ የድሮዎቹ ችግር ነው፤ የአሁኖቹ ላይ የለም» ብሎ በሙሉ አፉ ነገረኝ። አመንኩት። አሁን ስምንተኛ ወሩን ይዟል፤ ስለዚህ ቲቪ ብዙ የማወራው ቢኖርም ከዚህ ከሎጎው ነገር ውጭ የሚቀድምብኝ የለም።

አንድ ነገር ቀድሜ ላጥራ። በአፋችን ጠፍጣፋ ስክሪን ያለው ሁሉ «ፕላዝማ» ስለሚባል ቤቱ ያለው ኤልሲዲ (ኤልኢዲ የሚባለውም የእሱ ዓይነት ነው) መሆኑን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። እኔ የማወራው ስለ እውነተኛው፣ በጋዝ ስለሚሠራው ነው። በሁለት መስታወቶች መካከል ከ6 ሚሊዮን በላይ ጥቃቅን ክፍሎች ተደርድረዋል፤ በውስጣቸው ኒዮንና ዜኖን ጋዝ አለ። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ጋዙ ወደ ፕላዝማ ይለወጥና አልትራቫዮሌት ጨረር ይሰጣል፤ ጨረሩ ክፍሉ የተቀባውን ፎስፈር ይመታዋል፣ ፎስፈሩም ቀይ ወይም አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። ፍሎረሰንት መብራትም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

ችግሩ ፎስፈር በሠራ ቁጥር እየደከመ መሄዱ ነው። ሁሉም እኩል ቢደክም ማንም አያስተውለውም። አንድ ሎጎ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ደምቆ ሲውል እዚያ ያሉት ክፍሎች ከጎረቤቶቻቸው ቀድመው ያረጃሉ። በርን-ኢን የሚሉት ይህ ነው፤ አንዴ ከመጣ አይመለስም። ከእሱ የቀለለ ሌላ አለ። ክፍሎቹ ውስጥ ከሚቀር የኤሌክትሪክ ሙል የተነሳ ምስሉ ካለፈ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ጥላው ይቀራል፣ ከዚያ ይጠፋል። በዓይን ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ መጠበቅ ነው ያለው። አዲስ ቲቪ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ሰዓታት ይህ ሁሉ ይብስበታል፤ ፎስፈሩ ገና አዲስ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ሎጎውን ካየሁ በኋላ ነው፤ ሲሸጥልኝ የነገረኝ የለም።

የሎጎውን ምንጭ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። አባባ ዜና ይወዳሉ። ጠዋት ያበሩታል፤ ምሳ ሲቀርብ እዚያው ነው፤ ከሰዓት በወንበራቸው ሸለብ ሲያደርጋቸውም እዚያው ነው። «አባባ፣ እባክዎ አልፎ አልፎ ጣቢያ ይቀይሩልኝ፤ ስክሪኑ እየተጎዳ ነው» አልኳቸው። «ካልታየበት ለምን ተገዛ ልጄ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አባቱን ከሚወዱት ዜና የሚያስነሳ ቲቪ ምን ያደርጋል? መልስ አጣሁ።

ስለዚህ ሴቲንጉን ወደ መነካካት ሄድኩ። ምስሉ ሲደምቅ ጉዳቱም ይጨምራል፤ የእኔ ቲቪ ደግሞ ኮንትራስቱ 100 ላይ ነበር። ወደ 60 አወረድኩት፤ ቤቱ ተረጋጋ። በማግስቱ ስከፍተው እንደገና እንደ ፀሐይ ይወጋል፤ ባየው 100 ነው። አወረድኩት። በሦስተኛው ቀን ያው። ታናሽ ወንድሜ ነካክቶት ነው ብዬ ተቆጣሁት፤ «አልነካሁም» ብሎ ቢምልም አላመንኩትም፤ ጭራሽ ሪሞቱን ደበቅሁበት። ጉዳዩ በዚህ ሁኔታ ሦስት ወር ሄደ። እኔም በየሄድኩበት ፕላዝማ እንዳይገዙ ሰዎችን እመክር ነበር፤ የመከርኳቸውን ሁሉ አሁን አግኝቼ ቃሌን ማንሳት እፈልጋለሁ።

በአምስተኛው ወር ተስፋ ቆርጬ ቲቪውን ከፋብሪካ እንደወጣ ወደሚያደርገው ሴቲንግ መለስኩት። ጠፍቶ ሲነሳ መጀመሪያ ቋንቋ ጠየቀኝ። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ስክሪኑ ላይ መጣ፦ ቲቪው የሚቀመጠው ቤት ነው ወይስ ሱቅ?

ሪሞቱን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ይህን ጥያቄ አይቼው አላውቅም። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ሻጩ ከካርቶኑ አውጥቶ ሲፈትሽልኝ ሪሞቱን በፍጥነት ሁለት ሦስቴ ሲጫን፣ «አየኸው እንዴት እንደሚያበራ!» ሲለኝ ትዝ አለኝ። ለዚያ ጥያቄ በእኔ ቦታ መልስ የሰጠው እሱ ነው። «ሱቅ» ብሎ መልሶ፣ መልሶ በካርቶን ከቶ አስረከበኝ። የሱቅ ሴቲንግ ላይ ያለ ቲቪ ደግሞ ምንም ብትቀይሩት ወደ ደማቁ ምስል ራሱ ይመለሳል፤ የተሠራው ደንበኛ ነካክቶት ቢሄድ እንኳ ለሚቀጥለው ደንበኛ ደምቆ እንዲጠብቅ ነው። ወንድሜ እውነቱን ነበር። ያን ማታ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ሻጩ አሁን ፊት ለፊቴ ቢቆም የሚለኝን አውቃለሁ። «ሱቅ ውስጥ መብራቱ ብዙ ነው፤ ካላደመቅነው ፕላዝማ ከኤልኢዲ አጠገብ ሞቶ ነው የሚታየው» ይለኛል። ይህ ልክ ነው። ፕላዝማ መላው ስክሪን ነጭ ሲሆን የሚስበው ኃይል እንዳይበዛ ብርሃኑን ራሱ ይቀንሳል፤ ጣሪያው ሙሉ መብራት በሆነበት ሱቅ ውስጥ ይከሳል። ሱቅህ ውስጥ አድምቀው፣ ማንም አይከለክልህም። ለእኔ ስትሰጠኝ ግን ወደ «ቤት» ሴቲንግ ለመመለስ ስንት ሰከንድ ይፈጅብህ ነበር? «መመሪያውን ለምን አላነበብክም?» ትለኝ ይሆናል። አንብቤዋለሁ። መመሪያው ስለዚህ ጥያቄ የሚያወራው ቲቪው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ በሚለው ገጽ ላይ ነው፤ እኔ ቤት ሲደርስ ደግሞ የመጀመሪያው ጊዜ አልፎ ነበር። ወስደህብኛል። «የአሁኖቹ ላይ የለም» ያልከውም ውሸት ነው። ቀንሷል ብትለኝ፣ ቢያንስ መጀመሪያ ሰሞን ተጠንቀቅ ብትለኝ እገዛው ነበር፤ እጠነቀቅም ነበር።

የዚህ ነገር ታሪክ ገርሞኝ አንብቤ ነበር። ፕላዝማ ስክሪን የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቢትዘር፣ ስሎቶውና ዊልሰን የሚባሉ ሦስት ሰዎች ፕላቶ ለተባለ የማስተማሪያ ኮምፒውተር ብለው ሠሩት። ያኔ ቀለሙ አንድ፣ ብርቱካናማ ብቻ ነበር። የተወደደው ደግሞ አንዴ የበራ ነጥብ ደጋግሞ ማዘዝ ሳያስፈልግ በርቶ ስለሚቆይ ነው፤ የኮምፒውተር ሜሞሪ እጅግ ውድ በነበረበት ዘመን ስክሪኑ ራሱ ያስታውስ ነበር። የእኔ ቲቪ ሎጎ መያዝ ከዚያ ጋር አንድ አይደለም፤ ግን ያንን ሳነብ ንዴቴ ትንሽ በረደልኝ።

«ቤት» የሚለውን ከተጫንኩ በኋላ ያየሁት ሌላ ቲቪ ነው። የፊልም ምስሉን መረጥኩ፣ መብራት አጠፋሁ። ሻማ ብቻ የበራበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች የሚያወሩበት ትዕይንት ነበር። የሰውየው ጥቁር ኮት ከኋላው ካለው ጨለማ ሲለይ አየሁ፤ ጥቁር በጥቁር ላይ፣ የክሩ ስፌት ሳይቀር። ከምስሉ በላይና በታች የሚቀሩት ጥቁር ማሰሪያዎች ግድግዳው ውስጥ ገብተው ጠፉ። ኤልሲዲ ከኋላው መብራት ስላለበት ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ግራጫ ነው፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መብራት ስለሆነ ጨለማ ሲባል ጨለማ ነው ለማለት የቀረው ጥቂት ነው። ጃፓኖቹ ፓዮኒሮች የታወቀውን ፕላዝማቸውን «ኩሮ» ያሉት በቋንቋቸው ጥቁር ማለት ስለሆነ ነው። አሁን ገባኝ።

ኳስም እንዲሁ። ካሜራው ከግብ ጠባቂው ተነስቶ ኳሷን ተከትሎ ሲሮጥ ሣሩ አይሟሟም፤ የተጫዋቹ ቁጥር እየሮጠ ይነበባል። ሻጩ «በሰከንድ 600 ምስል ያሳያል» ብሎኝ ነበር፤ እሱም ስህተት ነው። 600 ኸርዝ ማለት በሰከንድ የሚመጣው እያንዳንዱ ምስል በብዙ ብልጭታዎች ተከፋፍሎ መታየቱ ነው እንጂ 600 የተለያየ ምስል የለም። እንቅስቃሴው የሚያምረው ግን እውነት ነው፤ ውሸት ሳይጨመርበትም ይበቃ ነበር። ከጎን የተቀመጠም ሰው ቀለሙ አይለወጥበትም።

ሌላው ሌላው ያው እንደሚባለው ነው። ይከብዳል፤ ያለ ሁለት ሰው አታንሱት። ይሞቃል፣ ከኤልኢዲ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ መስታወቱ ቀን ቀን መስኮቱን መልሶ ያሳያችኋል። ድምፁ መካከለኛ ነው። ደማቅ ምስል ሲመጣ ከጀርባው ስስ እዝዝታ ይሰማል፤ ከፍታ ላይ የምትኖሩ ግን መመሪያው ላይ የተጻፈውን የከፍታ ገደብ ሳታዩ አትግዙ፤ የውጭው አየር ግፊት ሲቀንስ እዝዝታው ይጨምራል።

«የሞተ ቴክኖሎጂ ገዛህ» የሚሉኝ አሉ። ፓዮኒር እ.ኤ.አ. በ2009 መውጣቱን አስታወቀ፣ ፓናሶኒክ በ2013 መጨረሻ ማምረቱን አቆመ። የቆመው ግን ምስሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ኤልሲዲ ረከሰ፣ ቀለለ፣ ቀጠነ፣ ሱቅ ውስጥም ደምቆ ታየ። እኔ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የማየው። ዛሬም ብመርጥ ይህንኑ እመርጣለሁ፤ የማልደግመው ከዚያ ሻጭ መግዛትን ነው።

ሎጎው የቤት ሴቲንግ ላይ ከሆነ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጅቶ ለቀቀ። በየማታው ስክሪኑን የሚሞላ ነገር እከፍታለሁ፤ ቲቪው ራሱ ያለውን፣ ነጭ መስመር ከዳር ዳር የሚያስኬደውንም ጥቂት ምሽት አስሮጥኩት። አባባ ዜናቸውን አልተዉም፤ ወንበሩ ላይ ሸለብ ሊያደርጋቸው ሲል ግን አሁን ራሳቸው ያጠፉታል። የታችኛው የጽሑፍ መስመር የላይኛው ጠርዝ አልለቀቀም። ባዶ ሰማያዊ ወይም ነጭ ሲሆን፣ ቦታውን ለሚያውቅ ሰው፣ እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ይታያል። ያኛው ጥላ አይደለም፤ የአምስት ወሩ ዋጋ ነው።

ባለፈው እሑድ ያንኑ ፊልም ደግመን ከፈትነው። የበረዶው ሜዳ ሲመጣ እማዬ ወደ ጥጉ ተመለከተች፣ ምንም የለም፤ «ጠራልህ» አለችኝ። የእኔ ዓይን ግን ወደ ታች ሄደ። መስመሩ አለ። እሷ አላየችውም፤ እኔም አልነገርኳትም።