ቡኒዋ የቁስል ማጽጃ፣ ፖቪዶን አዮዲን 10%፣ ሶስት ወር ተጠቅሜባት

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከ5 4፣ አንዷን የቀነስኩት በክዳኑ ነው፣ እሱን በኋላ።

በፊት አልኮል ነበር የምጠቀመው፣ ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን በቆረጥኩ ቁጥር አልኮል አፈስና እየዘለልኩ እጄን አራግባለሁ፣ ማቃጠሉን ራሱ የመስራቱ ምልክት አድርጌው ነበር እኮ። ለካ አልኮል የሚሆነው ላልተቆረጠ ቆዳ ነው፣ ለእጅ፣ መርፌ ከመወጋት በፊት ለመጥረግ፤ ክፍት ቁስል ላይ ጤነኛውንም ሥጋ ነው የሚጎዳው (ደሞ 70%ቱ ከንጹሁ ይሻላል፣ የጀርሙን ፕሮቲን ለማበላሸት ውሃም ያስፈልገዋል፣ ንጹሁ ሳይሰራ ይተናል)። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም አረፋው አይሸውዳችሁ፣ ጀርም እየሞተ ሳይሆን ደማችንና ሥጋችን ውስጥ ያለ ኢንዛይም ወደ ውሃና ኦክስጅን ሲበትነው ነው እንደዛ የሚፈላው።

ወደ ቡኒዋ ስንመጣ፣ አዮዲኑ ፖቪዶን የሚባል ነገር ላይ ተይዞ ነው ያለው፣ ቀስ እያለ ነው የሚለቀቀው፣ ለዛ ነው እንደ ድሮው የአዮዲን ቲንክቸር (አልኮል ውስጥ የሟሟ አዮዲን) የማይለበልበው። የተለቀቀው ጀርሙ ውስጥ ገብቶ ፕሮቲኑን ያበላሻል፣ ባክቴሪያ በሉት ፈንገስ በሉት ቫይረስ አይመርጥም። የወደድኩላት ቀለሟን ነው፣ የቀባሁት ቦታ ቡኒው እየገረጣ ሲሄድ አዮዲኑ እያለቀ እንደሆነ በአይኔ አያለሁ። ግን ደምና መግል ላይ ከቀባችሁት እዛው ቶሎ ይደክማል፣ እና መጀመሪያ በንጹህ ውሃ በደንብ እጠቡ፣ ከዛ ቀቡና እስኪደርቅ ሁለት ሶስት ደቂቃ ጠብቁ። እኔ መጀመሪያ አካባቢ ቀብቼ ወዲያው በጥጥ እጠርገው ነበር፣ ያው ቀለም መቀባት በሉት።

የእንቅርት ችግር ያለበት ሰውና አራስ ህጻን ላይ ግን ሃኪም ሳይጠየቅ አይሆንም፣ ጥልቅ ቁስልና የውሻ ንክሻም ታጥቦ ወዲያው ወደ ሃኪም ነው።

አሁን ክዳኑ። ቦርሳ ውስጥ አፈሰሰብኝ፣ ነጭ ሸሚዜ ላይ! በሳሙና ባሸው ባሸው ወይ ፍንክች፣ በመጨረሻ የቫይታሚን ሲ ኪኒን ፈጭቼ በውሃ አርጌ ጠብ ሳደርግበት ቡኒው አይኔ እያየ ጠፋ፣ አዮዲኑን ቀለም ወደሌለው አዮዳይድ ስለሚቀይረው ነው። አሁን በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ነው የምይዛት።