ዴራ፣ ሻርጃ ወይስ ኢንተርናሽናል ሲቲ? ዱባይ ቤት ለሚፈልግ ሐበሻ

ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ሰው ጠየቀኝ። ሦስቱም "ዱባይ ሥራ አግኝቻለሁ፣ የት ሰፈር ልከራይ?" ነው የሚሉት። አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት። ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው አልኩ። ሰባት ዓመት ኖሬበታለሁ። በሦስቱም ሰፈር ተከራይቻለሁ፤ በአንዱ ገንዘቤን ተበልቻለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ እኔ የምመርጠው ዴራን ነው። ዴራ አሮጌው የዱባይ ክፍል ነው፤ ዴራ ስል ግን ናይፍ ገበያ መሃል ያለውን ግርግር ማለቴ አይደለም። አቡ ሄይልንና ሆር አል አንዝን ነው፤ በአረንጓዴው የሜትሮ መስመር አጠገብ ያሉትን። ይህን የምጽፈው ቤት ከራሱ ኪስ ለሚከራይ ሠራተኛ ነው። መሥሪያ ቤቱ ማደሪያ የሚሰጠው ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ማሪናና ዳውንታውንንም አላነሳም፤ እዚያ ለመኖር የሚበቃ ደመወዝ ያለው ሰው የእኔን ምክር አይፈልግም።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሰማው "ሻርጃ ርካሽ ነው" የሚለውን ነው። ሻርጃ ከዱባይ ጎን ያለች ሌላ ኢሚሬት ናት። እውነት ነው፣ ኪራዩ ርካሽ ነው። እኔ ሮላ አካባቢ ከጓደኛዬ ጋር የተከራየሁት ስቱዲዮ በዓመት 24,000 ድርሃም ነበር። ለሁለት ስንካፈለው በወር 1,000 ይደርሰኛል። አሁን ያለሁበት የአቡ ሄይል ስቱዲዮ 48,000 ነው፤ ለሁለት 2,000። በወር የ1,000 ድርሃም ልዩነት አለው። ይህን ያየ ሰው ወዲያው ሻንጣውን ይዞ ወደ ሻርጃ ይሄዳል። እኔም የሄድኩት እንደዚያ ነው።

አሁን መንገዱን አስሉ። የዱባይ ሜትሮ ሻርጃ አይደርስም። ከሻርጃው ጁበይል መናኸሪያ ዱባይ ዩኒየን ሜትሮ ጣቢያ ድረስ የሚሄደው አውቶቡስ አንድ ጉዞ 12 ድርሃም ነው። ደርሶ መልስ 24፣ በወር 26 የሥራ ቀን ሲባዛ 624 ድርሃም። ከዩኒየን ወዲያ ያለውን ሜትሮ ከዴራ ብኖርም እከፍለዋለሁና አልቆጠርኩትም። ከ1,000 ላይ 624 ሲነሳ 376 ይቀራል። ዱባይ ደግሞ የኪራዩ 5 በመቶ ለማዘጋጃ ቤት በዴዋ (በመብራትና ውሃ) ቢል ላይ እየተከፋፈለ ይመጣል፤ የእኔ ድርሻ በወር 100 ነው። እሱንም ለሻርጃ ልጨምርላት። ትርፉ 476 ድርሃም ሆነ።

ይህን 476 ለማትረፍ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ተጨማሪ መንገድ ላይ ነበርኩ። ጠዋት ሻርጃን ከዱባይ የሚያገናኘው የኢቲሃድ መንገድ ቆሞ ነው የሚውለው። በወር 52 ሰዓት ማለት ነው። አንዱን ሰዓቴን በ9 ድርሃም ሸጥኩት ማለት ነው። ማታ አምሽቼ ከዱባይ በታክሲ የገባሁ ቀን ደግሞ ሻርጃ ለመግባት ብቻ 20 ድርሃም በሂሳቡ ላይ ይጨመራል። በወር ሦስት አራት ጊዜ ከገጠማችሁ ትርፉ ይበልጥ ይሳሳል።

ሻርጃን የተውኩት ግን በሂሳብ ብቻ አይደለም። ኤፕሪል 16 ቀን 2024 የዘነበውን ዝናብ ያየ አይረሳውም። ዱባይም ተጥለቅልቃ ነበር። የእኛ መንገድ ግን ውሃው ለቀናት ተኝቶበት ቆየ። ሊፍቱ ቆመ፣ መብራት ጠፋ። ሥራ የሄድኩት ጫማዬን በፌስታል ይዤ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ነው። የዚያን ወር ደመወዜ ተቆረጠ። ውሉ እንዳለቀ ወጣሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለኝ። አል ናህዳ የሚባል ሰፈር ዱባይም አለ፣ ሻርጃም አለ፤ ጎን ለጎን ናቸው። ማስታወቂያ ላይ "አል ናህዳ፣ ሜትሮ አጠገብ" ብለው በሚገርም ዋጋ ካያችሁ የትኛው ናህዳ እንደሆነ ጠይቁ። ሎኬሽን ይላክላችሁ። ድንበሩ መንገድ ተሻግሮ ነው፤ በዚያች መንገድ ምክንያት ግን የታክሲው ሂሳብም፣ ውሉን የሚያጸድቀው ቢሮም፣ ሕጉም ይለያያል።

ኢንተርናሽናል ሲቲ ላይ ብዙ አልቆይም። ሕንፃዎቹ በአገር ስም ተከፋፍለዋል፤ ቻይና፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ሞሮኮ እያለ ይሄዳል። ቤቱ ከዴራው ሰፋ ይላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። እኔ ያየኋቸው ስቱዲዮዎች ከ38,000 እስከ 42,000 ነበሩ። ድራጎን ማርት የሚባለው የቻይና ዕቃ ገበያ አጠገብ ስለሆነ የቤት ዕቃ በርካሽ ትሞላላችሁ። መኪና ላለው ሰው አልቃወምም። መኪና ለሌለው ግን ሜትሮ የለም። አውቶቡስ ይዞ ሴንተርፖይንት ጣቢያ፣ የድሮው ራሺዲያ፣ መድረስ ግድ ነው። በበጋ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ፀሐይ ላይ ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም፤ ትደርሱበታላችሁ። አንዳንድ ምሽት ንፋሱ ሲዞር ከፍሳሽ ማጣሪያው የሚመጣ ሽታ አለ፤ መስኮት አይከፈትም። ሰማያዊው የሜትሮ መስመር እዚያ እንደሚደርስ ተነግሯል። የታቀደው ግን ለ2029 ነው። ደላሎች ከአሁኑ በእሱ ስም ዋጋ ይጠራሉ። ላልመጣ ባቡር ዛሬ አትክፈሉ።

ወደ ዴራ ልመለስ። ከቤቴ አቡ ሄይል ጣቢያ የስድስት ደቂቃ እግር ነው። ዩኒየን ላይ ቀይሬ ቡርጅ ኸሊፋ ጣቢያ እወርዳለሁ፤ 5 ድርሃም። የሴቶች ፉርጎ ስላለ ማታም ስመለስ ልቤ አይረበሽም። ሰፈሩ ውስጥ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት በእግር ይደረሳል። ታምሜ የተኛሁ ቀን ሽሮና እንጀራ ይዛ በሬን ያንኳኳችው ከሱቋ በቀር የትም የማንተዋወቅ ባለሱቅ ናት። ሻርጃ በኖርኩበት ጊዜ ማን ጎረቤቴ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

የዴራ ችግሩ ማታለሉ ነው። ገንዘቤን የተበላሁትም እዚሁ ነው። መጀመሪያ ስመጣ ፓርቲሽን ነበር የያዝኩት፤ አንድ ሳሎን በጣውላ ለአራት ተከፍሎ። ወር 900፣ መያዣ 900። ያከራየኝ ሰው "ኤጃሪ አለኝ" ብሎ ስልኩ ላይ አሳየኝ፤ ኤጃሪ ማለት በመንግሥት የተመዘገበ የኪራይ ውል ነው። ማኅተሙን አየሁ፣ አመንኩ። በሁለተኛው ሳምንት ተቆጣጣሪዎች መጡና ጣውላው ይነሳ አሉ። ሰውየው ስልኩን ዘጋ። ያን ቀን የላከልኝን ፎቶ አጉልቼ ሳነበው የሕንፃው ቁጥር የእኛ አልነበረም፤ ውሉም ጊዜው ካለፈ ዓመት ሆኖታል። 1,800 ድርሃሜ በዚያው ቀረ። የምከስበት ወረቀት እንኳ በእጄ አልነበረም።

ይህ የእኔ ብቻ ዕጣ አይደለም። በጁን 2025 የዱባይ ማዘጋጃ ቤት ሪጋ፣ ሙራቃባት፣ ሳትዋ፣ ባርሻና ራፋ የሚባሉትን ሰፈሮች ጨምሮ ፓርቲሽን ላይ ዘመቻ ሲከፍት ስንቱ ሐበሻ ሻንጣውን ይዞ ጓደኛ ቤት እንደተጠጋ አይቻለሁ። ስለዚህ አደራ፣ ኤጃሪ በስልክ ፎቶ አትመኑ። የውሉን ቁጥር ተቀብላችሁ በዱባይ መሬት መምሪያ ድረ ገጽ ወይም በዱባይ ሬስት መተግበሪያ አረጋግጡ። ከጓደኛ ጋር የምትካፈሉ ከሆነ ስማችሁ አብሮ ነዋሪ ተብሎ ይመዝገብ። ውሉ በስማችሁ ሲሆን አከራዩ እንደፈለገ ዋጋ መጨመር አይችልም። ከ90 ቀን በፊት ማሳወቅ አለበት፤ ጭማሪውም በመንግሥት የኪራይ መለኪያ የተገደበ ነው። "ልሸጠው ነው፣ ውጡ" ካለም የ12 ወር ማስጠንቀቂያ በሕጋዊ መንገድ መስጠት አለበት። በፓርቲሽን ግን "ነገ ልቀቂ" ይባላል፣ ይለቀቃል።

ለመግባት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ልቁጠርላችሁ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚደነግጠው። የዓመቱ ኪራይ 48,000 በአራት ቼክ ተከፋፍሎ የሚከፈል ከሆነ የመጀመሪያው 12,000። መያዣ 5 በመቶ፣ 2,400። የደላላ 5 በመቶ፣ ሌላ 2,400፤ በእሱ ላይ የ120 ድርሃም ተጨማሪ እሴት ታክስ። ኤጃሪ ወደ 220። ለመብራትና ውሃ የዴዋ መያዣ 2,000። በጠቅላላ ከ19,000 በላይ ነው፤ ለሁለት ሲካፈል ወደ 9,600። ይህን እስክታጠራቅሙ ሕጋዊ ውል ባለው ቤት ከምታውቁት ሰው ጋር መካፈል ይሻላል።

ቤቱን ስታዩ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሂዱ። ከጣቢያው ጀምራችሁ በእግር፤ በደላላው መኪና አይደለም። ኤሲውን ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። አሮጌ ሕንፃ ውስጥ የመስኮት ኤሲ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ማንጠባጠብ ይጀምራል። እኔ በመጀመሪያው በጋ ጋዝ ለማስሞላት ሁለት ጊዜ 150 ድርሃም ከፍያለሁ፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲበላሽ ነው ማን እንደሚያስጠግን ውሉ ላይ መጻፍ እንደነበረበት የገባኝ። አሁን "ትልልቁን ጥገና አከራይ" ብዬ አስጽፌያለሁ። አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ካያችሁ ከኤሲው ሥር ያለውን ጥግ በእጃችሁ ንኩት። እርጥብ ከሆነ ሻጋታውን ሸፍነውታል።

ከሁሉም በላይ ትኋን። የአልጋውን ማዕዘን ገልብጡ። የፍራሹን ስፌት በጣታችሁ ከፈት አድርጋችሁ በስልክ መብራት ተመልከቱ። በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ ቤቱ በነፃ ቢሰጣችሁም ውጡ። ናጡሩን፣ የሕንፃውን ዘበኛ፣ ለብቻው ጠይቁት፤ የፊተኛው ተከራይ ለምን እንደወጣ እሱ ያውቃል። እኔ አሁን ያለሁበትን ቤት ያገኘሁት አንድ ናጡር "ይህን ተይው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የተሻለ አለ" ስላለኝ ነው።

የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ትመጣለች። ለጊዜው እኔ ጋ ታርፋለች። ሻርጃ ያለች ጓደኛዋ 700 ድርሃም የሚከፈልበት አልጋ አግኝታላት ቀብድ ላኪ ብላታለች። እንዳትልክ ነግሬያታለሁ። መጀመሪያ ትምጣና አንድ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነስታ ከጁበይል ዩኒየን በአውቶቡሱ ትሞክረው።